የባትሪ ስጥ

አቶ ጎበና በእሳቸው ጥፋት ዲንቄ ከሥራዋ ስትባረር የሰሙት ቅዳሜ ጠዋት፣ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው የጫማቸውን ክር ሲያስሩ ነው። ምራታቸው ሒሩት ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ በስልክ ትናገራለች። «አራት ባትሪ እንዴት ቆርቆሮ ላይ ይሰጣል፣ ዲንቄ? በርበሬ ነው እንዴ?» አለች። ትንሽ አዳመጠች። «ዝም አትበይኛ! አንቺ ካልሆንሽ ማነው? ግቢው ውስጥ ልብስ ስታሰጪ የዋልሽው አንቺ ነሽ።» ከዚያ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ «በቃ፣ ማክሰኞ እንዳትመጪ። ከዚህ በኋላም እንዳትመጪ» አለችና ስልኩን ዘጋችው። አቶ ጎበና የሚኖሩባት ሰርቪስ ግድግዳዋ የአንድ ብሎኬት ውፍረት ነው፤ እንኳን ይህን የሚያህል ድምፅ ሳልም ታሳልፋለች። ሽማግሌው የጫማቸውን ክር እንደያዙ ቀሩ።

ዲንቄ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ማክሰኞና ዓርብ፣ ከካራ ወደ ኮተቤ እየመጣች ልብስ የምታጥብላቸው ሴት ናት። የካራ መሬት አስፋልትና ፎቅ ሳይሆን በፊት ጎረቤታቸው ነበረች፤ ባሏና እሳቸው በሬ እየተቀናጁ ያርሱ ነበር። ባሏ ከሞተ ቆይቷል። አሁን በሦስት ቤት በቀን አራት መቶ ብር ታጥባለች። እዚህ ግቢ ውስጥ ከእሳቸው ጋር ቁጭ ብላ በኦሮምኛ የምታወራ እሷ ብቻ ናት። ልጃቸው ሞቲም ቋንቋውን አሳምሮ ያውቀዋል፤ የሌለው ጊዜ ነው። እና ይህችው ዲንቄ ባትሪዎቹን ጣራ ላይ ማን እንዳወጣቸው ከማንም በላይ ታውቃለች፤ ትናንት መሰላሉን የያዘችላቸው እሷ ናት። ግን ስልኩ ላይ ስማቸውን አልጠራችም። ብትጠራ ኖሮ ሒሩት እንደዚያ አትጮህም ነበር። አቶ ጎበና ይህንን ሲያስቡ ፊታቸው ጋለ።

የባትሪዎቹ ነገር እንዲህ ነው። ሞቲ መገናኛ አንድ ኢንሹራንስ ውስጥ የኮምፒውተር ክፍል ሠራተኛ ነው፤ ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከጓደኞቹ ጋር እንጦጦ ላይ በሪሞት የሚነዱ ትንንሽ መኪኖች ያሽቀዳድማል። አባቱ መጀመሪያ ሲሰሙ፣ «ሚስት ያገባ ሰው በአሻንጉሊት?» ብለው ስቀው ነበር። ከዚያ አንድ ቀን መኪናዋ ከበሩ እስከ ውኃ ታንከሩ «ኧረ!» ብለው ሳይጨርሱ ስትደርስ አዩና መሳቁን ተዉት። ባትሪው ደግሞ እንደ ሬዲዮ ባትሪ ድንጋይ በሱቅ የሚሸጥ አይደለም። ከጡብ ያነሰ ጥቁር ነገር ሆኖ አንዱ አሥራ አንድ ሺህ ብር ነው፤ የአንድ ደህና በግ ዋጋ። አራት ነበሩት። ሰርቪሷ ቀዝቀዝ ያለች ስለሆነች ሞቲ የባትሪ ጠረጴዛውን ከአባቱ አልጋ አጠገብ አደረገው። «አራት በግ ራስጌዬ ያድራል» እያሉ ለዲንቄ ይቀልዱ ነበር።

ባትሪ ቻርጅ ላይ እያለ ብቻውን አይተውም፤ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ሞቲና ሒሩት ሥራ ሲውሉ ቤት የሚቀሩት አቶ ጎበና ናቸውና ሞቲ አስተማራቸው። ባትሪው ከሥሩ አሸዋ ባለበት የሸክላ ድስት ውስጥ ተቀምጦ ነው ቻርጅ የሚደረገው፤ ቻርጀሩ ሲጮህ ይነቀላል። ከውድድር ሞቆ የመጣ ባትሪ ሳይቀዘቅዝ አይሰካም። ይህቺ ወዲያው ነው የገባቻቸው፤ የሮጠ ፈረስ ላቡ ሳይደርቅ ውኃ አይጠጣም። ውድድር በሌለበት ሳምንት ደግሞ ባትሪው ጢም ብሎ ሞልቶም፣ ሙጥጥ ብሎ ባዶም አይቀመጥም፤ ግማሽ ላይ ይደረጋል። «ሰውም እንደዚያው ነው» አሉ አቶ ጎበና። አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ስሕተት ሳይሠሩ ጠበቁ። ሥራ ነበር። በልጅ ቤት ቁጭ ብሎ ሲበላ ለሚውል አሮጌ ገበሬ ሥራ ማለት ምን እንደሆነ ያልደረሰበት አያውቀውም።

በዚህ ላይ ባለፈው ወር የሰሙት ነገር አለ። አከራያቸው የቤቱን ኪራይ ሃያ ስምንት ሺህ ብር ያደረሰው ቀን ሒሩት በረንዳው ላይ ለሞቲ፣ «ኮንዶሚኒየም ብንገባ ይረክስልናል። ግን ሁለት ክፍል ነው፤ አባባን የት እናደርጋቸዋለን?» ስትለው ሰምተዋል። ሒሩት ክፉ ሴት አይደለችም፤ የጠየቀችው የሒሳብ ጥያቄ ነው። ሞቲ ግን መልስ አልሰጠም። ዲንቄ ያን ጊዜ አንሶላ እየጨመቀች ነበር፤ እሷም ሰማች፤ ከአቶ ጎበና ጋር ዓይን ለዓይን ተያዩና ሁለቱም ያልሰሙ መሰሉ።

ሐሙስ ማታ መብራት ጠፋ። ዓርብ ጠዋት ሞቲ ሲወጣ፣ «አባዬ፣ መብራት ከመጣ አራቱንም ሙላልኝ፤ ነገ ፍጻሜው ነው። ካልመጣም ምን ይደረጋል» አለ። መብራቱ አልመጣም። አራት ሰዓት ሲሆን አቶ ጎበና ዝም ብሎ መቀመጥ አቃታቸው። ልጃቸው ነገ ባዶ ባትሪ ይዞ ሊሄድ ነው፤ ጠባቂው ደግሞ እሳቸው ናቸው። ያኔ ነው የሬዲዮዋ ነገር የመጣላቸው። ካራ እያሉ የሬዲዮዋ ባትሪ ድንጋይ ሲደክም ፀሐይ ላይ ያሰጡታል፤ ሲሞቅ ነፍስ ይዘራና ሌላ ሁለት ምሽት ዜና ያሰማል። ይህን የማያውቅ የገጠር ሰው የለም። «ሙቀት አይወዱም» ብሎ ሞቲ መናገሩ ትዝ ብሏቸዋል፤ ግን ከሩጫ የሚመጣ ሙቀት ድካም ነው፣ የፀሐይ ሙቀት ምግብ ነው ብለው አሰቡ። መሰላሉን ዲንቄ አረፋ በነካው እጇ ያዘችላቸውና፣ «አባ ሞቲ፣ ቀስ ይበሉ» አለቻቸው በኦሮምኛ። አራቱን ባትሪ ቆርቆሮው ላይ ደረደሩ። ስድስት ሰዓት ላይ ወጥተው እንደ ስንዴ ስጥ አገላበጧቸው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ አውርደው ሸክላ ድስቱ ውስጥ ከተቷቸው፤ ደስ ብሏቸው ነበር።

ማታ ሞቲ ክዳኑን ሲከፍት አራቱም ሆዳቸው ተነፍቶ ጠበቁት። አንዱን አንሥቶ እያገላበጠ አየው፤ ከዚያ ሌላውን። «ጣራ ላይ ነበሩ እንዴ?» አለ። አቶ ጎበና ያን ጊዜ መናገር ነበረባቸው። አፋቸውን ከፍተው ያወጡት ቃል ግን፣ «መብራት አልመጣም» የሚል ሆነ። ሞቲ፣ ያበጡ ባትሪዎች አደገኛ ናቸውና አሸዋ ያለበት ባልዲ ውስጥ ከቶ ከግቢው ጥግ አስቀመጣቸው። ሌሊቱን አቶ ጎበና ነገ ጠዋት እነግረዋለሁ፣ ነገ ጠዋት እነግረዋለሁ ሲሉ አደሩ። ጠዋቱ ሲደርስ ሒሩት ቀደመቻቸው።

ክራቸውን አስረው ወደ ትልቁ ቤት ሄዱ። ሒሩት ደጃፉ ላይ ሳቅ ብላ ተቀበለቻቸው። «አባባ፣ እንዴት አደሩ? ይቀመጡ፣ ይቀመጡ።» እንቁላል ጠብሳላቸው ነበር፤ ሻያቸው ላይ ስኳሩን ራሷ ጨምራ አማሰለችላቸው። ሌላ ቀን ይህን ያህል የለም። «ሒሩት ልጄ፣ ያ የባትሪው ነገር...» ብለው ጀመሩ። «ኧረ እሱን ተዉት፣ አለቀ እኮ! ዳቦ ልጨምርልዎ?» አለችና ፊቷን ወደ ምጣዱ አዞረች። ሞቲ ጃኬቱን እየለበሰ ገባና፣ «አባዬ፣ ዛሬ ከኔ ጋር እንጦጦ ትወጣለህ። ጓደኛዬ ነአምን ሁለት ባትሪ ያውሰኛል» አለ። በአንድ ዓመት ውስጥ ና ብሏቸው አያውቅም። የእንቁላሉን ሳሕን ወደ ጎን ገፉት።

መኪናው ውስጥ ብዙ አልተነጋገሩም። መገናኛ ላይ እንደተለመደው ተዘጋግቶ ግማሽ ሰዓት ቆሙ። ሞቲ ስለ ቤንዚን ሰልፍ አወራ፤ አባቱ «ይገርማል» አሉ። አራት ኪሎ ሲደርሱ አቶ ጎበና የሽንኩርት ዋጋ ወረደ ወይ ብለው ጠየቁ፤ ሞቲ «አልወረደም» አለ። ሽሮ ሜዳን አልፈው ዳገቱን ሲያያዙት የመኪናው ድምፅ በረታና ወሬ ለመፈለግ መድከም ቀረላቸው። አባትና ልጅ የሚባባሉት ሲያጡ ዳገትም ይጠቅማል። አቶ ጎበና በመስኮቱ ባሕር ዛፉን እያዩ ዲንቄ አሁን ምን እያደረገች ይሆን ይሉ ነበር። ቅዳሜ ሥራ የላትም። ቤቷ ተቀምጣ ከሦስት ቤት አንዱ እንደጎደለባት እያሰበች ይሆናል።

ውድድሩ የሚካሄደው ከራጉኤል ወዲህ ካለ የተደለደለ ሜዳ ላይ ነው። መንገዱ በአሮጌ ጎማና በውኃ ጎማ ታጥሯል፤ ትንሽ ጄኔሬተር ይንደቀደቃል፤ አሥራ አምስት የሚሆኑ ጎልማሶችና ወጣቶች መኪኖቻቸውን ጠረጴዛ ላይ ገልብጠው ብሎን ያጠብቃሉ። ብርዱ ይቆነጥጣል። መገናኛ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ያለው ነአምን ሁለት ባትሪ ከጃኬቱ ኪስ አወጣ። «ፉል ናቸው። ግን ብርድ እንዳያገኛቸው፤ እዚህ ዳገት ላይ ባትሪ ይሰንፋል» አለ። እውነትም ሁሉም ባትሪውን ብብቱ ውስጥ ወሽቋል። ሞቲ ሁለቱንም ተቀብሎ ለአባቱ አቀበላቸው። «አባዬ፣ ጋቢህ ውስጥ ያዝልኝ። አንተ ጋ ይሞቃሉ» አለ። የሰው ባትሪ፣ ሃያ ሁለት ሺህ ብር፣ ትናንት አራት ላጠፉ እጆች። አቶ ጎበና ደረታቸው ላይ አጥብቀው ያዟቸው።

«ያንተዎቹ ግን ምን ሆኑ?» አለ ነአምን።

ሞቲ ጎንበስ ብሎ ከመኪናው ሥር የሌለ ነገር ጠረገ። «ልብስ አጣቢያችን ናት። ከልብስ ጋር ጣራ ላይ አሰጣቻቸው።»

ሳቁ ሜዳውን ሞላው። ባሮክ የሚባል ቀጭን ወጣት፣ «ነገ ደግሞ ላፕቶፕህን በኦሞ ታጥብልሃለች!» አለ፤ ይበልጥ ሳቁ። ሌላው «የገጠር ሰው» ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ክፋት አልነበረበትም፤ ሰው በማያውቀው ሰው ሲስቅ እንደዚያ ነው። አቶ ጎበና የዲንቄን አረፋ የነካ እጅ መሰላሉ ላይ አዩት። ከዚህ በኋላ ሳይናገሩ መቆም አልሆነላቸውም፤ የልጃቸውን ክንድ ይዘው ወደ ባሕር ዛፉ ጥግ ወሰዱት።

«ዲንቄ አይደለችም» አሉት።

«አውቃለሁ፣ አባዬ።»

«ምን ታውቃለህ?»

«ዲንቄ ብትሆን አሰጥታ ትተዋቸው ነበር። የቆርቆሮው ዝገት በባትሪዎቹ ሁለቱም ጎን ነው ያለው። የሚያገላብጥ ሰው ነው ያወጣቸው» አለ ሞቲ። ዓይኑን መሬት ላይ አደረገ። «ትናንት ማታውኑ አውቄያለሁ።»

«ሒሩትስ?»

«ነግሬያታለሁ።»

«ታዲያ ዛሬ ጠዋት ያ ሁሉ ጩኸት ምንድን ነበር?»

«አንተ እንድትሰማ ነው» አለ ሞቲ። «ሌላ ሰው እንዳደረገው ካመንን አንተ አታፍርም ብለን። ሰሞኑን ደግሞ እንደተሳቀቅህ አያለሁ... ዲንቄ ሌላ ቤት አታጣም። እኔም እፈልግላታለሁ።»

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል ይሄ ነው። አባትን መናገር ነውር ሆኖባቸው፣ ድሃዋን መናገር ቀለላቸው። አክብሮት ነው ብለው ነው ደግሞ! ሽማግሌው ሊቆጡ ፈለጉ፤ ግን በማን? ትናንት ማታ አንዲት ቃል ቢተነፍሱ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር። እሳቸው ዝም አሉ፣ ልጃቸው ዝም አለ፣ ዲንቄም ዝም አለች፤ ከሦስቱ ዝምታ ዋጋ የተከፈለበት የእሷ ብቻ ነው። «ስምህ ተጠራ፣ ሂድ» አሉት በመጨረሻ። ባትሪውን ከጋቢያቸው አውጥተው ሲሰጡት እንደ እንጀራ ትኩስ ነበር።

ፍጻሜው ሰባት ደቂቃ ፈጀ። የሞቲ ቀይ መኪና አራተኛ ሆና ተነሣች፤ ሁለት መኪኖች መታጠፊያው ላይ ተላትመው ሲገለበጡ በመካከላቸው ሾለከች፤ መጨረሻ ላይ የሌሎቹ ባትሪ በብርዱ ሲዝል የእሷ ገና ትፈረጥጥ ነበር። ሳይወዱ በግድ የአቶ ጎበና ልብ ዘለለ። ሞቲ አንደኛ ወጣ። ነአምን ሽማግሌውን አቅፎ፣ «አባባ፣ ያሸነፉት እርስዎ ነዎት፤ ባትሪውን ያሞቁት እርስዎ!» አላቸው። ወጣቶቹ አጨበጨቡላቸው። በሕይወታቸው እንደዚያ ቀን ጭብጨባ ያስጠላቸው ጊዜ የለም።

ያሸነፈ ሰው ሌሎቹን ምሳ ይጋብዛል። ሞቲ ለሒሩት ደውሎ ስለነበር ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ስድስት ሆነው ኮተቤ ሲደርሱ ሳሎኑ ተዘጋጅቶ ጠበቃቸው። ሒሩት ጥብሱን ከነድስቱ፣ ቀይ ወጡን በጎድጓዳ ሳሕን አቅርባ ስትጨርስ ሁሉም እጃቸውን ታጠቡ። ነአምን ተነሥቶ ቆመ። «ትልቅ ሰው እያለማ አንጀምርም። አባባ፣ ይመርቁን» አለ። ሌሎቹም ተከትለው ተነሡ። አቶ ጎበና ጋቢያቸውን አስተካክለው መዳፎቻቸውን ዘረጉ። ይህ የሚያውቁት ሥራ ነው፤ ካራ ላይ ስንት ሠርግና ስንት ዕርቅ መርቀዋል። ስድስቱም ሰዎች አሜን ለማለት ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ጠበቁ። ቃሉ ግን አልመጣም።

«ልጆቼ» አሉ፣ እጃቸውን መልሰው አወረዱና። «በእኛ ዘንድ ሰው የበደለ ሽማግሌ አይመርቅም። አባቶቻችን ምርቃቱ ወደ ራሱ ይመለሳል ይላሉ። ባትሪዎቹን ጣራ ላይ ያሰጣኋቸው እኔ ነኝ። ተራራው ላይ የገጠር ሰው ብላችሁ የሳቃችሁት በእኔ ነው፤ እሱ ምንም አይደለም፣ የገጠር ሰው ነኝ። ግን የተባረረችው ሴት ምንም አላደረገችም።»

ባሮክ እጁ ላይ የቀረውን ውኃ ሱሪው ላይ አበሰ። ነአምን ወደ ሞቲ ተመለከተ፤ ሞቲ ወደ ሚስቱ። ሒሩት ፊቷ ቀላ። «አባባ፣ አሁን ይሄ... እንግዳ ፊት... ምግቡም ይቀዘቅዛል» አለች።

«ይቀዝቅዝ» አሉ አቶ ጎበና። በዚያ ቤት እንደዚህ ተናግረው አያውቁም፤ ድምፃቸው ለራሳቸውም እንግዳ ሆነባቸው። «ጠዋት እኔ እንድሰማ ደውለሽላት ነበር። አሁንም ሁላችንም እንድንሰማ ደውዪላት።»

ሒሩት ስልኳን ስትፈልግ ቆየች፤ ስልኩ እፊቷ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ድምፁን ከፍ አድርጋ ደወለች። አንዴ ጠራ፣ ሁለቴ ጠራ። የሚቀመጥ ሰው አልነበረም።

«አቤት?» አለች ዲንቄ።

«ዲንቄ፣ እኔ ነኝ፣ ሒሩት።» ትንፋሿን ሰበሰበች። መጀመሪያ ለይስሙላ ልትለው ነበር፤ ሁለተኛው ቃል ላይ ድምፅዋ ተሰበረና እውነተኛ ሆነ። «ይቅርታ አድርጊልኝ። አንቺ እንዳልሆንሽ እያወቅሁ ነው ጠዋት እንደዚያ የተናገርኩሽ። በድዬሻለሁ። ማክሰኞ ነይ፣ እባክሽ።»

ከወዲያኛው በኩል የመኪና ጡሩምባና የዶሮ ጩኸት ብቻ ይሰማል።

«እሳቸው ናቸው የነገሯችሁ?» አለች ዲንቄ ቀስ ብላ።

«አዎ፣ እሳቸው ናቸው።»

«ሒሩትዬ፣ በልጆቼ ይዤሻለሁ» አለች ዲንቄ። ድምፅዋ ተጣደፈ፤ ሰው ሳይቀድማት መናገር እንዳለባት ሁሉ። «እንዳታስወጧቸው። እኔ ማክሰኞ ብቀርም ግድ የለም፣ ሌላ ቤት አላጣም። እሳቸው ግን የት ይሄዳሉ?»

ሒሩት ስልኩን ይዛ ወደ ባሏ ዞረች። ሞቲ ጭንቅላቱን ቀና አድርጎ አባቱን አየ። አቶ ጎበና እጃቸውን ወደ ታች እንደጣሉ ቆመው ዓይናቸውን ልጃቸው ላይ ተክለዋል፤ እሳቸውም እንደ ዲንቄ መልሱን ይጠብቁ ነበር።